ዝም አይነቅዝም? የልጆቻችን ዝምታ ግን ይነቅዛል

«ዝም አይነቅዝም» ይላል ያገራችን ሰው። ለጎረቤት ጠብም ሆነ ለሐሜት ጥሩ ምክር ሊሆን ይችላል። ለአንድ ነገር ግን ጨርሶ አይሠራም፤ አፉን ላልፈታ ልጅ። ሦስት ዓመት ሞልቶት «ማሚ ነይ» ማለት ያልቻለ ልጅ ዝምታው ይነቅዛል። «ሰው ምን ይለናል» ብለው የሚደብቁት ወላጆቹ ዝምታ ደግሞ ከልጁ ይብሳል።

ይህን እንድጽፍ ያነሳሳችኝ እዚህ አሜሪካ በምንሰበሰብበት ቤተ ክርስቲያን የምታገለግል አንዲት እህት ናት። ሙያዋ የንግግርና የቋንቋ ሕክምና ነው፤ በተለምዶ «ስፒች ቴራፒስት» የምንላቸው። ከሰኞ እስከ ዓርብ በሕዝብ ትምህርት ቤት ትሠራለች። ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ የማኅበረሰባችንን ወጣቶች ሰብስባ ታስጠናለች፣ ትመክራለች፤ የአካል ጉዳተኛ ልጅ ያላቸውን ወላጆች ለትምህርት ቤት ስብሰባ ታዘጋጃለች። ስሟ እንዲነሳ አትፈልግም፤ እኔም አከብርላታለሁ።

ብዙ ሰው «እግዚአብሔር ይስጣት፣ ደግ ልጅ ናት» ብሎ ያልፋል። የእኔ ክርክር ከዚህ ይጀምራል። ይህ ሥራ የአንዲት ደግ ሴት የትርፍ ጊዜ በጎ አድራጎት ሆኖ መቅረት የለበትም። በውጭ ያለው ማኅበረሰባችን እንደ ተቋም ሊሠራው የሚገባ ሥራ ነው። ለዚያ ደግሞ ከቤተ እምነቶቻችን የተሻለ ቦታ የለንም። ሐኪም ቤት የማይሄድ፣ የኮሙኒቲ ስብሰባ የማይመጣ ቤተሰብ እንኳ ቢያንስ በዓመት በዓል ልጁን ይዞ የሚመጣው እዚያ ነው።

ሙያው ምንድን ነው?

ብዙዎቻችን «ስፒች ቴራፒ» ሲባል «ር»ን «ል» የሚል ልጅ ምላስ ማቃናት ይመስለናል። ሙያው ከዚያ በጣም ይሰፋል። ልጁ የሚባለውን ይረዳል ወይ? የሚፈልገውን በቃል ወይም በምልክት ይገልጻል ወይ? ከእኩዮቹ ጋር ተራ ጠብቆ ያወራል ወይ? ይንተባተባል ወይ? እነዚህ ሁሉ የሙያው ጥያቄዎች ናቸው። ስትሮክ መትቶት ቃል የጠፋበትን አዋቂ፣ ምግብና ውሃ መዋጥ ያቃተውን ሕመምተኛ የሚረዳውም ይኸው ባለሙያ ነው። በአሜሪካ ሥራውን ለመሥራት በአብዛኛው የማስተርስ ዲግሪ፣ በክትትል ሥር የሚሠራ የልምምድ ጊዜና የስቴት ፈቃድ ይጠይቃል። ቀልድ አይደለም።

ወላጅ ሊያውቃቸው የሚገቡ ምልክቶች ግን ለማንም አይከብዱም። አንድ ዓመት ሞልቶት «ባባ፣ ዳዳ» እያለ ድምፅ የማያወጣ፣ በጣቱ የማይጠቁም፣ ስሙ ሲጠራ ዞር የማይል ልጅ፤ በ16 ወሩ አንድም ቃል የሌለው፤ ሁለት ዓመት ሞልቶት ሁለት ቃል አያይዞ «ባባ መጣ»፣ «ውሃ ስጪኝ» የማይል፤ በየትኛውም ዕድሜ ደግሞ የነበሩትን ቃላት ያጣ ልጅ ነገ ዛሬ ሳይባል መታየት አለበት። ከመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች አንዱ የመስማት ምርመራ ነው፤ በደንብ ያልሰማ ልጅ ከየት አምጥቶ ይናገራል?

ከእነዚህ ምልክቶች አንዱ ታየ ማለት ልጁ ኦቲዝም አለበት ማለት አይደለም። ዘግይተው ጀምረው እኩዮቻቸውን የሚደርሱባቸው ልጆች ብዙ ናቸው። ችግሩ የትኛው ልጅ በራሱ ጊዜ እንደሚደርስና የትኛው እርዳታ እንደሚፈልግ ሳሎን ቁጭ ብሎ መለየት አለመቻሉ ነው።

ልጅ የሚያዘገዩ ሁለት ምክሮች

የመጀመሪያው ምክር «ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው፤ አባቱም እንዲሁ ነበር» የሚለው ነው። በአማካይ ወንዶች ከሴቶች ትንሽ ዘግየት ማለታቸው እውነት ነው። ልዩነቱ ግን የወራት እንጂ የዓመታት አይደለም። እናት ስትጨነቅ ዘመድ ወዳጅ እንዲህ እያለ ያረጋጋታል፤ በፍቅር ነው። ነገር ግን እሷ በተረጋጋች ቁጥር ለልጁ ቋንቋ በቀላሉ የሚገባበት ዕድሜ እያለፈ ነው።

ሁለተኛው ምክር ይብሳል፤ «አማርኛውን ተዉትና በእንግሊዝኛ ብቻ አናግሩት» ይላል። ይህ ከዘመድ ብቻ አይመጣም፤ ከአስተማሪ፣ አንዳንዴም ከሐኪም አፍ ይሰማል። ለዓመታት የተሠሩ ጥናቶች የሚያሳዩት ግን ሁለት ቋንቋ መስማት የቋንቋ ችግር እንደማያመጣ ነው። ኦቲዝም ወይም ዳውን ሲንድሮም ያለባቸው ልጆችም ቢሆኑ ሁለት ቋንቋ በመስማታቸው አይጎዱም። ሁለት ቋንቋ የሚሰማ ልጅ ቃላቱ በሁለት ኪስ የተቀመጡ ናቸው። አንዱን ኪስ ብቻ ፈትሾ «ድሃ ነው» ማለት ስህተት ነው፤ ሁለቱም መቆጠር አለባቸው።

ቋንቋችን እኮ ራሱ ነግሮናል፤ «አፍ መፍቻ ቋንቋ» እንላለን። አፍ የሚፈታበትን ቋንቋ ወስዶ አፉ እስኪፈታ መጠበቅ ምን ዓይነት ሕክምና ነው? እንግሊዝኛዋ የሥራ ቦታ እንግሊዝኛ የሆነች እናት አማርኛውን ስትተው ተረቱ ይቀራል፣ እሹሩሩው ይቀራል፣ ማላገጡ ይቀራል። የሚተርፈው «ካም ሂር»፣ «ሲት ዳውን»፣ «ኖ» ነው። ልጁ አማርኛውን ያጣል፣ ሙሉ እንግሊዝኛም ከእናቱ አያገኝም። ከአያቱ ጋር ደግሞ ለዘለዓለም በአስተርጓሚ ሊነጋገር ነው።

ምርመራው ላይም ቋንቋን ማወቅ ዋጋ አለው። አማርኛ «ቀ፣ ጠ፣ ጨ፣ ጸ» የሚባሉ፣ በእንግሊዝኛ ውስጥ የሌሉ ፈንጂ ድምፆች አሉት። እንግሊዝኛ ደግሞ ምላስ በጥርስ መካከል ወጣ ብሎ የሚፈጠር፣ እኛ ዘንድ የሌለ ድምፅ አለው። ከአማርኛ ቤት የመጣ ልጅ በዚያ ድምፅ ቦታ «ስ» ወይም «ት» ቢል የቋንቋው ጠባይ ነው፤ ሕመም አይደለም። በተቃራኒው እውነተኛ ችግር ያለበት ልጅ «እንግሊዝኛ ገና እየለመደ ነው» እየተባለ ሁለትና ሦስት ዓመት ያልፈዋል። መለያው ይህ ነው፤ እውነተኛ የቋንቋ እድገት ችግር በአንዱ ቋንቋ ብቻ አይመጣም፤ በአማርኛውም በእንግሊዝኛውም ይታያል። ይህን ለመርማሪው ሊነግር የሚችለው ደግሞ በቤት ቋንቋ የሚያውቀው ወላጅ ነው። ስለዚህ ወላጅ በምርመራው ክፍል ውስጥ እንግዳ አይደለም፤ ዋና ምስክር ነው።

ጸሎትና ሕክምና መቼ ተጣሉ?

ልጅ ሳይናገር ሲቀር ብዙ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ነፍስ አባቱ ወይም ወደ ፓስተሩ ነው። ጸበልም አለ፣ ጸሎትም አለ። ይህን የምነቅፍ ሰው አይደለሁም። የምቃወመው ጸሎቱ የቀጠሮ ምትክ ሲሆን ነው። ከዚያ የከፋው ደግሞ «የማን ኃጢአት ነው? የእናቱ ወገን ምን ነበረባቸው?» የሚለው ሹክሹክታ ነው። ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ደቀ መዛሙርቱ ይህንኑ በጠየቁ ጊዜ ክርስቶስ እሱም ወላጆቹም በደለኞች አለመሆናቸውን ነግሯቸዋል። ጥያቄው የተዘጋው ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ነው። እኛ ግን ዛሬም ቡና ላይ እንከፍተዋለን።

ያቺ እህት ለወጣቶቹ የምታስተምረው ሁለት ታሪክ አለ። አንደኛው የሙሴ ነው። ሙሴ አንደበቱ የማይፈታለት መሆኑን ተናግሮ ሊቀር ሲል ከጥሪው አልተሰረዘም፤ ወንድሙ አሮን እንዲናገርለት ተመደበለት። ዛሬ በትምህርት ቤት ቋንቋ «ድጋፍ» የምንለው ይኸው ነው። ሁለተኛው የዘካርያስ ነው። ድምፁ በጠፋበት ወቅት የልጁን ስም እንዲናገር ሲጠይቁት መጻፊያ ሰሌዳ ለምኖ ጻፈ፤ ማንም «እስክትናገር አንሰማህም» አላለውም። ዛሬ ታብሌት ላይ ሥዕል ነክቶ «ራበኝ» የሚል ልጅ ከዘካርያስ በምን ይለያል?

አንዳንዱ ሰው «ሃይማኖቷን ከሙያዋ ጋር ታደባልቃለች» ብሎ ይጠረጥር ይሆናል። አታደባልቅም። በሥራ ሰዓቷ የማንንም ልጅ እምነት አትጠይቅም፤ ሕጉም የሙያው ሥነ ምግባርም አይፈቅድላትም። የሙስሊሙም የቡድሂስቱም ልጅ በእሷ ዘንድ እኩል ነው። እምነቷ የሚታየው ቅዳሜዋን በምታውልበት ነገር ነው። ለእኔ ይህ ከብዙ ስብከት ይበልጣል።

አሁን ወደ ራሳችን ጉባኤ እንመለስ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከዓለም ሕዝብ 16 በመቶው፣ ማለትም 1.3 ቢሊዮን ያህል ሰው፣ ከባድ የሚባል የአካል ጉዳት አለበት። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ሪፖርት ክትትል ካደረገባቸው የስምንት ዓመት ልጆች ከ31 አንዱ ኦቲዝም እንዳለበት ገልጿል። ሦስት መቶ ሰው በሚሰበሰብበት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንድም የአካል ጉዳተኛ ልጅ የማይታይ ከሆነ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ የለብንም» ማለት አይደለም። ቤት ተዘግቶባቸዋል ማለት ነው።

ስለ ሕጉም አንድ የሚገርም ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ ሱቁን፣ ሆቴሉን፣ ሲኒማ ቤቱን ለአካል ጉዳተኛ ክፍት እንዲሆኑ ሲያስገድድ የሃይማኖት ተቋማትን ከዚህ ግዴታ ነጻ አድርጓቸዋል። ስለዚህ አንድ ልጅ በሲኒማ ቤት ያለውን መብት በቤተ ክርስቲያን ይዞ መከራከር አይችልም። በሕግ ለሕሊናችን የተተወ ቦታ ነው። ታዲያ ሲኒማ ቤቱ ተገዶ የሚያደርገውን እኛ ወደን ካላደረግነው ምን ልንባል ነው?

የሚያስፈልገው ደግሞ ሚሊዮን ዶላር አይደለም። ቅዳሴ ወይም አምልኮ መሃል ልጅ ሲጮህ ዞር ብሎ አለማፍጠጥ ከሁሉ ይቀድማል፤ ብዙ እናቶች ቤተ ክርስቲያን የቀሩት በዚያ ዓይን ምክንያት ነው። ከዚያ ድምፅ የማይበዛበት አንድ ክፍል፣ በሰንበት ትምህርት ቤት የዕለቱን ፕሮግራም በሥዕል የሚያሳይ አንድ ወረቀት፣ ልጁን በስሙ የሚያውቅ አንድ አስተናጋጅ። ለልጁም ሥራ ስጡት፤ የማይናገር ልጅ በር ላይ ቆሞ ወረቀት ማደል ወይም ወንበር መደርደር አያቅተውም። ይህ ለመስጊዶቻችንም ይሠራል።

መብት እንጂ ውለታ አይደለም

በአሜሪካ የአካል ጉዳተኛ ልጆች በሕዝብ ትምህርት ቤት ነጻና ተገቢ ትምህርት የማግኘት መብታቸው የተደነገገው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። ከ3 ዓመት ጀምሮ በአብዛኛው እስከ 21 ዓመት የንግግር ሕክምናን ጨምሮ የሚያስፈልገው ድጋፍ በትምህርት ቤት በኩል ይሰጣል። ከ3 ዓመት በታች ላሉት ደግሞ ሌላ የቅድመ ጣልቃ ገብነት አገልግሎት አለ፤ ወላጅ የሐኪም ደብዳቤ ሳይጠብቅ ራሱ ደውሎ ማስመዝገብ ይችላል። ወላጅ በጽሑፍ ከፈቀደ በኋላ ስቴቱ የራሱ ገደብ ከሌለው ምርመራው በ60 ቀን ውስጥ ማለቅ አለበት። ምርመራው በተቻለ መጠን በልጁ ቋንቋ እንዲሆን፣ ወላጅም ስብሰባው እንዲገባው አስተርጓሚ እንዲቀርብለት ሕጉ ያዛል። የመኖሪያ ወረቀት ስለሌለው ልጅን ከሕዝብ ትምህርት ቤት ማስቀረት እንደማይቻል ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1982 ወስኗል።

በእንግሊዝ በትምህርት፣ በጤናና በማኅበራዊ እንክብካቤ የተቀናጀ እቅድ ለሚያስፈልገው ልጅ እስከ 25 ዓመቱ ሊዘልቅ ይችላል። በጀርመን የሕፃናት ሐኪም «ሎጎፔዲ» ብሎ ካዘዘ የሕዝብ የጤና መድን ይሸፍነዋል። በባሕረ ሰላጤው አገራት ያሉ ወገኖቻችን ሁኔታ ይከብዳል፤ መኖሪያቸው ከሥራ ውል ጋር የታሰረ ነው፣ አገልግሎቱም በአብዛኛው የግልና ውድ ነው። ለእነሱ በአማርኛ የተዘጋጀ አስተማማኝ መረጃ ብቻውን ትልቅ እርዳታ ነው።

መብቱ በወረቀት አለ። መብትና ወላጅ የሚተላለፉት ስብሰባው ክፍል ውስጥ ነው። በጠረጴዛው ዙሪያ አምስት ስድስት ባለሙያ ይቀመጣል፤ በአንድ ጥግ ከሌሊት ሥራ የወጣች እናት። «አስተማሪ አይጠየቅም» ተብላ ያደገች ናት፤ ይሉኝታም አለ። ለሁሉም ነገር «እሺ» ትላለች፣ ትፈርማለች፣ ትወጣለች። አንዳንዴ የሚያስተረጉመው የልጁ ታላቅ እህት ናት፤ የ13 ዓመት ልጅ የወንድሟን የምርመራ ውጤት ለእናቷ ስታረዳ አስቡት።

የእህታችን የአካል ጉዳተኞች ጥብቅና የሚጀምረው እዚህ ነው። ሰልፍና መፈክር የለውም። ከስብሰባው በፊት እናቲቱን አስቀምጣ ሦስት ዓረፍተ ነገር ታለማምዳታለች፤ «አልገባኝም፣ እንደገና ያስረዱኝ»፤ «አስተርጓሚ እፈልጋለሁ»፤ «ከመፈረሜ በፊት ቤት ወስጄ ላንብበው»። ይህን ለማድረግ የግድ ስፒች ቴራፒስት መሆን አያስፈልግም። እንግሊዝኛ የሚያነብ፣ ምስጢር የሚጠብቅና ሁለት ሰዓት ያለው ማንኛውም ባለሙያ ይችላል። ይህን ከሚያነቡት አብዛኞቻችሁ ማለት ነው።

ወጣቶቹስ?

የማይናገር ሕፃን ያሳዝናል፤ ሁሉም ሊያቅፈው ይፈልጋል። አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላው ግን ይረሳል። ወጣቶችን የመምከር ሥራ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

መንተባተብን ውሰዱ። ከዓለም ሕዝብ አንድ በመቶ ያህሉ ይንተባተባል። ብዙ ሕፃናት ጀምሯቸው ይተዋቸዋል፤ አንዳንዶቹ ጋር ግን ይዘልቃል። በድንጋጤ ወይም በፍርሃት የሚመጣ በሽታ አይደለም። «ተረጋጋ፣ ቀስ በል» ማለት ወይም ቃሉን ቀድሞ መጨረስ ልጁን ያሳፍረዋል እንጂ አያግዘውም። የሚያግዘው ዓይኑን እያዩ እስኪጨርስ መጠበቅ ነው። ጆ ባይደን በልጅነታቸው ይንተባተቡ እንደነበር ደጋግመው ተናግረዋል፤ ፕሬዚዳንት ከመሆን አላገዳቸውም። በእኛ የወጣቶች ጉባኤ ግን ጥቅስ ጮክ ብሎ ማንበብ ሲደርሰው ሽንት ቤት የሚሄድ ልጅ አለ፤ ማንም ለምን እንደሆነ አይጠይቀውም።

የራሳችን ምሳሌ ደግሞ አጠገባችን አለ። ቅዱስ ያሬድ በልጅነቱ ትምህርት አልገባው ብሎ መምህሩ እንደቀጡት፣ ሸሽቶ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሳለ አንድ ትል ደጋግማ እየወደቀች በመጨረሻ ዛፉ ላይ ስትወጣ አይቶ እንደተመለሰ የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ይነግረናል። የዜማችን አባት በዛሬው ትምህርት ቤት ቢሆን «ድጋፍ የሚያስፈልገው ተማሪ» ነበር። ታሪኩን ለጽናት ትምህርት እንጠቅሰዋለን፤ ዘግይቶ የሚገባው ልጅ ተስፋ አይቆረጥበትም ለማለት ግን አንጠቅሰውም።

የአካል ጉዳተኛ ልጅ ወንድምና እህቶችም አሉ። አስተርጓሚ እነሱ፣ ሞግዚት እነሱ፣ «አንተ ጎበዝ ስለሆንክ ቻለው» የሚባሉትም እነሱ ናቸው። ቅዳሜ ከሰዓት ስለራሳቸው ብቻ የሚጠይቃቸው አንድ ታላቅ ሰው ማግኘት ለእነሱ ቀላል ነገር አይደለም።

ሌላም ትርፍ አለው። የእኛ ቤት የሙያ ዝርዝር የታወቀ ነው፤ ዶክተር፣ ኢንጂነር፣ ነርስ፣ ፋርማሲስት፣ አሁን ደግሞ «አይቲ»። ስፒች ቴራፒስት የሚል የለበትም። አማርኛ፣ ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ የሚናገር ባለሙያ ፈልጎ የደከመ ወላጅ ምን ያህል ብርቅ እንደሆኑ ያውቃል። ኮሌጅ የምትገቡ ልጆች፣ ሁለት ቋንቋ ማወቃችሁ እንደ ጸጋ የሚቆጠርበት ሙያ ከፈለጋችሁ ይኸውላችሁ።

አገር ቤትም፣ ኮምፒውተራችንም

አገር ቤት መንገዱን የጀመሩት ወላጆችና ራሳቸው አካል ጉዳተኞች ናቸው። ከአሜሪካ የተመለሱት ወ/ሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ላለበት ልጃቸው የሚሆን ቦታ ቢያጡ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን መሠረቱ። በፊደላችን ላይ የቆመ «አቡጊዳ ፎነቲክስ» የተባለ የማስተማሪያ ዘዴም ቀረጹ፤ ነፍሳቸውን ይማርልን። ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም ተከተለ። በአምስት ዓመቷ ዓይኗን ያጣችው የሕግ ባለሙያ የትነበርሽ ንጉሤ ደግሞ ዓይነ ስውርነቷ ከልጅነት ጋብቻ አድኖ ትምህርት ቤት እንዳስገባት ደጋግማ ተናግራለች፤ እ.ኤ.አ. በ2017 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝታለች። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት በ2010 አጽድቃለች። መሠረቱ አለ። ከእኛ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ሙያም ይጠበቃል።

እኔ የሶፍትዌር ሰው ስለሆንኩ የራሴን ዘርፍ ልንካ። በአንደበታቸው መናገር ለማይችሉ ልጆች ሥዕል ሲነኩ የሚናገር የታብሌት ፕሮግራም አለ። ወላጆች «ይህን ከለመደማ መናገሩን ይተዋል» ብለው ይፈራሉ። ጥናቶች ግን ንግግርን እንደማያስቀር፣ አንዳንዴም እንደሚያግዝ ያሳያሉ። ችግሩ ታዋቂዎቹ ፕሮግራሞች በዋናነት ለእንግሊዝኛና መሰሎቹ የተሠሩ መሆናቸው ነው።

ተርጉሞ መጨረስ አይቻልም ወይ? አይቻልም። በእንግሊዝኛ «አይ»፣ «ዋንት»፣ «ዋተር» የሚሉ ሦስት ሥዕሎችን በተራ መንካት ዓረፍተ ነገር ይሆናል። በአማርኛ «እኔ፣ መፈለግ፣ ውሃ» ብሎ የሚያወራ ልጅ የለም፤ «ውሃ እፈልጋለሁ» ነው። ማን እንደሚፈልግ ግሱ ውስጥ ገብቷል። «ስጪኝ» የምትል አንዲት ቃል ተቀባዩ እኔ፣ ሰጪዋም ሴት መሆኗን አብራ ትናገራለች። ለአያት ደግሞ «ይስጡኝ» ማለት አለበት፤ አለዚያ ልጃችን በማሽን አማካይነት ባለጌ ሊሆን ነው። ስለዚህ ሰሌዳው ከግሱ ተነስቶ ለአማርኛ እንደ አዲስ መቀረጽ አለበት።

መሥሪያው ግን አለን። በስፔን የአራጎን መንግሥት የሚያስተዳድረው «አራሳክ» ከአሥር ሺህ በላይ ሥዕላዊ ምልክቶችን ለንግድ ላልሆነ አገልግሎት በነጻ ሰጥቷል። «ሲቦርድ» የተባለው ፕሮግራም ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው። ማይክሮሶፍት «መቅደስ» እና «አምሃ» የተባሉ ሁለት የአማርኛ ድምፆች አሉት፤ ሁለቱም የአዋቂ ናቸው፤ የስድስት ዓመት ልጅ በልጅ ድምፅ የመናገር መብት ግን አለው። ሁለት ፕሮግራመር፣ አንድ ስፒች ቴራፒስት፣ አንድ የቋንቋ ተማሪና አምስት ወላጆች ቢገናኙ በሁለት መቶ ዋና ዋና ቃላት መጀመር ይቻላል። ቅዳሜና እሁድ ስንት የማይረባ አፕ ሠርተን የለ?

የሚነሱ ስጋቶች

«ልጁ ላይ ስም ይለጠፍበታል» የሚለውን ስጋት አከብረዋለሁ። ግን በአሜሪካ የልጁ የትምህርት ቤት መዝገብ ምስጢር ነው፤ ወላጅ ለልዩ ድጋፉ የሰጠውን ፈቃድም በጽሑፍ ማንሳት ይችላል። ደግሞስ ምርመራ ያላየ ልጅ ያለ ስም ይቀራል እንዴ? «ሰነፍ»፣ «ባለጌ»፣ «ግትር» የሚሉ ስሞች ያለ ምርመራ ነው የሚለጠፉት፤ የሚያነሳቸውም የለም።

«ቤተ ክርስቲያን ክሊኒክ አይደለችም» የሚሉም አሉ። እስማማለሁ። ሕክምናው ፈቃድ ባለው ባለሙያ ነው። ከቤተ ክርስቲያን የሚጠበቀው ማየት፣ መንገድ ማሳየትና አለማሳፈር ነው። «ወሬ ይሆናል» የሚለው ስጋት ግን እውነት ነው፤ ወሬያችን ፈጣን ነው። ስለዚህ የሚያግዝ ሁሉ ምስጢር የሚጠብቅ፣ ከልጆች ጋር የሚሠራም ማንነቱ የተጣራ ይሁን፤ ማንም አዋቂ ከልጅ ጋር ለብቻው አይዘጋ።

የሰበካ ጉባኤዎችና የሽማግሌዎች ቦርዶች ሆይ፣ የሕንፃ መግዣ ስናዋጣ ዓመታት አልፈዋል። በዓመት አንድ ቀን የመስማትና የንግግር ምርመራ መረጃ የሚሰጥበት እሁድ ይኑረን። አንድ ክፍል ይለቀቅ። ወላጅን ወደ ስብሰባ የሚያጅቡ አምስት ሰዎች ይመዝገቡ። ያቺን እህት ደግሞ ማመስገኑ ብቻ ይብቃና ሰው እንጨምርላት፤ ብቻዋን ናት፣ ይደክማታል።

እስከዚያው ለእያንዳንዳችን የሚሆን ትንሽ ሥራ አለ። በመጪው እሁድ ልጇ ጮሆባት ይዛው ወደ ውጭ የምትሮጥ እናት ስታዩ «ምን ሆኖ ነው?» አትበሏት። ተከትላችሁ ውጡና «ምን ላግዝሽ?» በሏት።